«ተጋዙ» ሲባል ታሰሩ ነው ወይስ ተወሰዱ?

የማታ አራሚ
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ የታሪክ ትርጉም ረቂቅ እያረምኩ አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ። ጽሑፉ ስለ ሉዳይቶች ነው። ከ1811 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግሊዝ አገር ሌሊት ሌሊት ፊታቸውን አጥቁረው እየወጡ የጨርቅ መሥሪያ መኪና በመዶሻ ስላደቀቁት ሠራተኞች። ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ይላል፦

«በጥር 1813 በዮርክ ከተማ 17 ሸማኔዎች ተሰቀሉ፤ የቀሩት ተጋዙ።»

የቸገረኝ «ተጋዙ» ነው። አንባቢ ታሰሩ ብሎ ይረዳዋል ወይስ በመርከብ ተጭነው ባሕር ማዶ ተወሰዱ ብሎ? የሆነው ሁለተኛው ነው። ቃሉ ይበቃል ወይስ ልቀይረው? ነገ ማስረከብ አለብኝ።

የጎጃሙ መሪጌታ
ልጄ፣ ግዞት ከ«ገዘተ» የወጣ ነው። ግዝት ማለት ከማኅበር መለየት ነው። የተገዘተ ሰው ከምእመናን ይለያል፣ የተጋዘ ሰው ደግሞ ከአገሩ ይለያል። አንዱ በቃል፣ አንዱ በሥጋ። ሃይማኖተ አበው ያነበበ ይህን አይስተውም። ስለዚህ «ተጋዙ» ስትይ ዋናው ነገር መለየታቸው ነው፣ መርከቡ አይደለም።

ድርና ማግ
መሪጌታ በአክብሮት፣ እኔ በዚህ አልስማማም። «ገዘተ» ላይ «ተ» የሥር ፊደል ናት፣ አትወድቅም። ግዞት ላይ ያለችው «ት» ግን ስም ማውጫ ናት። «ሾመ» ብለን «ሹመት» እንደምንለው ማለት ነው። ከገዘተ ቢሆን ኖሮ «ተገዘቱ» እንጂ «ተጋዙ» አንልም ነበር። ሥሩ አጋዘ፣ ማጋዝ ነው። እህል በአህያ ይጋዛል። ጓዝ፣ ጉዞ፣ ማጓጓዝ ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው።

የጎጃሙ መሪጌታ
እህል ይጋዛል፣ ሰው ግን ጆንያ አይደለም።

ድርና ማግ
እንግሊዞች ያደረጉት እኮ ይህንኑ ነው! ሰውን እንደ ጭነት ከመርከብ ሆድ ከተው አውስትራሊያ ወዳለው ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ ወሰዱት። በራሳቸው ቋንቋም የቅጣቱ ስም ቃል በቃል «ማጓጓዝ» ነው። የ1788ቱ ሕግ የካልሲ መሥሪያ መኪና ለሰበረ ሰው ከ7 እስከ 14 ዓመት ያንን ቅጣት ነው የደነገገው። አማርኛችን ሳይፈልግ እዚያው ገጥሟል። ለእኔ ከ«ተጋዙ» የተሻለ ቃል የለም።

አዲሱ ገበያ
እኔ መጀመሪያ ሳነበው «ታገዙ» መስሎኝ ማን ረዳቸው ብዬ ነበር 😅 ቀጥሎ ደግሞ መጋዝ ትዝ አለኝ፣ በመጋዝ እንደተሰነጠቀው ነቢዩ ኢሳይያስ።

ቅኔ ወዳዱ
ሁላችሁም ግማሽ መንገድ ላይ ቆማችኋል። ሥሩ የግእዙ «ግዕዘ» ነው። ተጓዘ ማለት ነው፣ ነጻ ወጣም ማለት ነው። ግዕዛን ነጻነት አይደል? እንግዲህ ከአንድ ሥር ነጻነትም ግዞትም ወጣ ማለት ነው። ወዶ የሄደ ግዕዛን አለው፣ ተገፍቶ የሄደ ግዞተኛ ነው። ይህን ሳስብ ደስታዬ ወሰን የለውም፣ ሌላ ቋንቋ ይህን አያሳየንም።

የጎጃሙ መሪጌታ
ቅኔ ሲቆጠር ያምራል፣ ለትርጉም ግን ማስረጃ ይጠየቃል። እኔ ቅኔ ቤት የተቀመጥኩት ከእናንተ በፊት ነው።

ድርና ማግ
ማስረጃ እነሆ፦ «ዮሐንስ ወደ ፍጥሞ ደሴት ተግዞ ሳለ ራእይ አየ» እንላለን። ከገዘተ ቢሆን «ተገዝቶ» ይሆን ነበር፣ ያኔማ ሐዋርያው በገንዘብ የተገዛ ይመስል ነበር። ከግራዚያኒ ጭፍጨፋ በኋላ በ1929 ዓ.ም. መኳንንቱ ወደ ኢጣሊያ፣ ወደ አዚናራ ደሴት «ተጋዙ» ስንልም መርከቡና ባሕሩ በቃሉ ውስጥ አሉ።

የማታ አራሚ
አመሰግናለሁ። ግን ልጅ ኢያሱም በግዞት ኖሩ ይባላል፣ እሳቸው ባሕር አልተሻገሩም። ስለዚህ አንባቢዬ አንድ ቤት ውስጥ በዘበኛ መጠበቅ ቢመስለውስ? እንግሊዝ ውስጥ ቀሩ ብሎ እንዳይረዳ ነው የምፈራው።

ቅኔ ወዳዱ
«ተሰደዱ» በዪው።

ድርና ማግ
በፍጹም! በግእዝ «ተሰደ» ተባረረ ነው፣ ልክ ነህ፤ በዛሬ አማርኛ ግን የተሰደደ ሰው በገዛ እግሩ የሸሸ ነው። እነዚህ ሰዎች አልሸሹም። ፈራጅ ነው የላካቸው፤ ጊዜያቸው ሳያልቅ እንግሊዝ ምድር ቢረግጡ ደግሞ ቅጣቱ ሞት ነበር። ይህን «ስደት» ማለት ፈራጁን ከታሪኩ ማውጣት ነው።

ሀደርስፊልድ ነዋሪ
እዚሁ እንግሊዝ፣ ዮርክ ያለበት ዮርክሸር ስለምኖር ልግባ። የእኔ ቅሬታ «ሸማኔዎች» ላይ ነው። ኖቲንግሃም የነበሩት ካልሲ ሠሪዎች ናቸው፣ ሽመና ሳይሆን በመኪና ሹራብ የሚሠሩ። ጥያቄያቸውም መኪናው ይጥፋ አልነበረም፤ እሱንማ ራሳቸው ሲሠሩበት ኖረዋል፣ ዊልያም ሊ የፈለሰፈው በ1589 ነው። የተቆጡት ሰፊ ጨርቅ ተሠርቶ እየተቆረጠ በሚሰፋ ርካሽ ካልሲ፣ ሙያ ባልተማረ ሰው መተካትና ዋጋ መቁረጥ ላይ ነው። ላንካሸር ያሉት ሸማኔዎች ነበሩ፣ ጠላታቸውም በእንፋሎት የሚሠራው የሽመና መኪና።

ዮርክ የተሰቀሉት ውስጥ ግን ብዙዎቹ የሱፍ ጨርቅ ላይ የቆመውን ጸጉር በትልቅ መቀስ የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች ናቸው። ያ መቀስ አንድን ሰው የሚያጎብጥ ክብደት ነበረው፣ ሙያው ለዓመታት ይለመዳል፣ ክፍያውም ጥሩ ነበር። ከዚያ ያንኑ ሥራ የሚሠራ መኪና መጣ። ይህን ሁሉ «ሸማኔ» ብሎ ማለፍ ሰዎቹን ሁለተኛ መግደል ነው።

የ«ተሰቀሉ»ም ምክንያት አንድ አይደለም። ጆርጅ ሜለርና ሁለት ጓደኞቹ ጥር 8 ቀን የተሰቀሉት ዊልያም ሆርስፎል የተባለውን የፋብሪካ ባለቤት በመግደል ነው። ሌሎቹ 14ቱ ጥር 16 ቀን ነው የተሰቀሉት፣ ገሚሱ ሚያዝያ 1812 የሮፎልድስን ፋብሪካ በማጥቃት፣ ገሚሱ በዘረፋ። «የቀሩት ተጋዙ»ም ልክ አይደለም፣ በነጻ የተለቀቁ ብዙ ናቸው። ከተጋዙት መካከል ጆን ቤይንስ የሚባል የሃሊፋክስ ሽማግሌ ባርኔጣ ሠሪ ነበር። ጥፋቱ? ምስጢር እንዲጠብቁ ሰውን አስምሏል መባሉ። 7 ዓመት!

የጎጃሙ መሪጌታ
ይኸው! መሐላ! ግዝትና መሐላ አንድ ቤት ናቸው አላልኩም? በመሐላ ምክንያት ተጋዘ።

ድርና ማግ
መሪጌታ፣ ያ አጋጣሚ ነው እንጂ ሥርወ ቃል አይደለም።

አዲሱ ገበያ
ለመሆኑ ፓርላማው ዝም አለ?

ሀደርስፊልድ ነዋሪ
ዝም አላለም፣ አባሰው። በ1812 መኪና መስበር በሞት የሚያስቀጣ ሆነ። ባይረን፣ ገጣሚው፣ የካቲት 27 ቀን በጌቶች ምክር ቤት የመጀመሪያ ንግግሩን ያደረገው ያንን ሕግ ለመቃወም ነው። አልሰሙትም። በኋላ ለጥቂት ዓመታት ወደ ዕድሜ ልክ ግዞት ዝቅ አለ፣ በ1817 ደግሞ ሞቱ ተመለሰ። አንድ የካልሲ መኪና ከአንድ ሰው ነፍስ ጋር እኩል የተመዘነበት ጊዜ ነው፣ ይህ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

መዶሻቸውንም ስም አውጥተውለት ነበር። ማርስደን የሚባል መንደር ኢኖክ ቴይለር የሚባል አንጥረኛ ነበር፣ መኪኖቹንም መዶሻዎቹንም የሚሠራው እሱ ነው። መዶሻውን «ኢኖክ» ብለው፣ «ኢኖክ ሠራቸው፣ ኢኖክ ይሰብራቸዋል» ይሉ ነበር።

ቅኔ ወዳዱ
ኢኖክ ምንድን ነው? ሄኖክ በለው እንጂ! ስሙ የእኛ ነው። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግእዝ ነው።

ድርና ማግ
የሰውየው ስም ግን በእንግሊዝኛ የሚጠራው ኢኖክ ተብሎ ነው። ዮሐንስን ጆን ብለን የለ? ጆን ቤይንስን «ዮሐንስ ቤይንስ» ልትለው ነው?

የጎጃሙ መሪጌታ
እዚህ ላይ ከቅኔ ወዳዱ ጋር ነኝ። ሄኖክ ይባል። መጽሐፈ ሄኖክ ላይ አዛዝኤል የሚባለው የወደቀ መልአክ ለሰው ልጆች ሰይፍና ጋሻ መሥራት አስተማረ ይላል። ብረት መቀጥቀጥ ከየት እንደመጣ የነገረን ሄኖክ ነው። እነዚያ ሰዎች ብረት የሚሰብረውን ብረት በእሱ ስም መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ሀደርስፊልድ ነዋሪ
መሪጌታ፣ ያን ጊዜ የዮርክሸር አንጥረኛ መጽሐፈ ሄኖክን የት አግኝቶ ያነባል? የግእዙ ቅጂ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የታተመው በ1821 ነው፣ እነሱ ከተሰቀሉ በኋላ።

የጎጃሙ መሪጌታ
ስሙን ግን ከኦሪት አግኝተውታል። «ሄኖክም አካሄዱን ከእግዚአብሔር ጋር አደረገ» የሚለውን ማን ያጣዋል?

የማታ አራሚ
አባቶቼና ወንድሞቼ፣ «ሸማኔዎች»ን አውጥቼ «የጨርቅ ሠራተኞች» አድርጌዋለሁ። «የቀሩት»ንም «ሌሎች» አልኩት። «ተጋዙ» ግን እንዴት ይሁን? «ባሕር ማዶ ተጋዙ» ብለውስ?

ቅኔ ወዳዱ
እሱ ይቆየን፣ መጀመሪያ «ተሰቀሉ» ላይ እንስማማ። የዮርኩ በገመድ ነው፣ ስለዚህ ስቅላት እንጂ ስቅለት አይባልም። ረቂቅሽ ላይ የቱን ነው የጻፍሽው?

የጎጃሙ መሪጌታ
ሥሩ ሰቀለ ነው፣ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ድርና ማግ
አንድ አይደሉም መሪጌታ፣ ዓርብ ዓርብ የምንሰግድለት አንዱ ብቻ ነው።