ኔትወርክ እያለ ኢንተርኔት የማይጠቀሙ ሰዎች፦ በጀቱ ወዴት ይዙር?

ጥያቄ
የዲጂታል መገለልን ለመቀነስ በተዘጋጀ አንድ ረቂቅ ዕቅድ ላይ አስተያየት እንድሰጥ ተጠይቄአለሁ። ከበጀቱ አብዛኛው የተመደበው ለማማ ተከላና ለፋይበር ዝርጋታ ሲሆን፣ ለሥልጠናም ሆነ ሰዎች ስልክ እንዲያገኙ ለማገዝ የተያዘው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነው። በእኔ ግምት ግን ኢንተርኔት ከማይጠቀሙት ሰዎች ብዙዎቹ የሚኖሩት ኔትወርክ ባለበት ቦታ ነው። ግምቴ ትክክል ከሆነ ገንዘቡ ወዴት ቢዞር ይሻላል?

መልስ 1
ግምትዎ ትክክል ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት 2.6 ቢሊዮን ያህል ሰው ኢንተርኔት አይጠቀምም ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ጭራሽ በማይደርስበት ቦታ የሚኖሩት ጥቂቶቹ ነበሩ። ይህ ሲባል ግን ማማው ይቅር ማለት አይደለም። በዚያው ግምት ከከተማ ነዋሪዎች 83 በመቶ ሲጠቀሙ ከገጠር ነዋሪዎች የሚጠቀሙት 48 በመቶ ብቻ ነበሩ። ደግሞም በካርታ ላይ «ተሸፍኗል» የተባለ አካባቢ ሁሉ ሰው ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት ትምህርት በቪዲዮ ለመከታተል የሚበቃ ፍጥነት አለው ማለት አይደለም፤ ስለዚህ የሽፋን ካርታውን ያዘጋጀው ማን እንደሆነና ፍጥነቱ በየትኛው ሰዓት እንደተለካ አስቀድመው ይጠይቁ።

መልስ 2
እኔ ከዋጋው እጀምራለሁ። በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለው የብሮድባንድ (የፈጣን ኢንተርኔት) ኮሚሽን በ2018 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ግብ የመነሻ ብሮድባንድ ዋጋ ከወርኃዊ የነፍስ ወከፍ ገቢ 2 በመቶ በታች እንዲሆን ነበር። ግቡ በአማካይ የተለካ በመሆኑ፣ ገቢው ከአማካዩ እጅግ ላነሰ ቤተሰብ ያው የዳታ ጥቅል ከዳቦና ከትራንስፖርት ጋር የሚሻማ ወጪ ሆኖ ይቀራል። ከዳታውም ይልቅ የሚከብደው በአንድ ጊዜ የሚከፈለው የስማርት ስልኩ ዋጋ ነው። በየወሩ እየከፈሉ መግዛት መፍትሔ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ክፍያው በዘገየ ቁጥር ስልኩን ከርቀት የሚቆልፍ ውል ሰውየውን ሥራ ባጣበት፣ ማለትም ግንኙነት አብዝቶ በሚያስፈልገው ወር ላይ መልሶ ያገለዋል። በቤት ውስጥ ያለው አንድ ስልክ በማን እጅ እንደሚውልም አይዘንጋ፤ በዚያው የ2024 እ.ኤ.አ. ግምት በዓለም ደረጃ ከወንዶች 70 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 65 በመቶ ኢንተርኔት ይጠቀሙ ነበር።

መልስ 3
በዚህ ውይይት የተዘለለው ሰው ስልክም ዳታም እያለው ገጹ የማይከፈትለት ነው። ለዓይነ ስውራን የሚያነብ ሶፍትዌር ሊያነበው የማይችል ቅጽ፣ ተጠቃሚው በማያውቀው ቋንቋ ብቻ የተጻፈ መመሪያ፣ በደካማ መስመር ላይ ተጭኖ የማያልቅ ከባድ ገጽ፤ እነዚህ ሁሉ በር ይዘጋሉ። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ የ2006ቱ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 ጉዳዩን የመንግሥታት ግዴታ አድርጎታል። ይህን በግዥ ውሉ ውስጥ ከመጀመሪያው ማስገባት ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ሥርዓቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ማስተካከል ግን ውድ ነው።

መልስ 4
ከላይ የተባለውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ሁሉም ሰው ኢንተርኔት ውስጥ መግባት አለበት የሚለውን መነሻ አልቀበልም። አገልግሎቱ በአጭር ቁጥር፣ በድምፅ ጥሪና በቢሮ መስኮት ጭምር ይሰጥ። መስኮቱ የተዘጋ ዕለት በዕድሜ የገፉ ሰዎች የይለፍ ቃላቸውን ለሌላ ሰው አሳልፈው መስጠት ይጀምራሉ፤ ከዚያ የሚመጣውን ማጭበርበር መገመት አያዳግትም። ሥልጠናውንም ቢሆን በአዳራሽ ተሰጥቶ የምስክር ወረቀት ታድሎ የሚያበቃ ባያደርጉት እመርጣለሁ፤ በቤተ መጻሕፍት ወይም በጤና ጣቢያ ሁልጊዜ የሚገኝ፣ ሰው በተቸገረበት ሰዓት ሄዶ የሚጠይቀው አንድ ረዳት ይሻላል።

ጠያቂው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከማማው በጀት የተወሰነው ለረዳቶች ደመወዝና ለስልክ መግዣ ድጋፍ እንዲዛወር ሐሳብ አቀርባለሁ። ውጤቱን በምን ብንለካው ይሻላል? ረቂቁ የሚለው በተመዝጋቢዎች ቁጥር ነው።

መልስ 1
በተመዝጋቢዎች ቁጥር አይለኩ፤ አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ሲም ካርድ ሊይዝ ይችላል። የተለመደው ዓለም አቀፍ መለኪያም ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ የተጠቀመን ሰው ተጠቃሚ ብሎ ይቆጥራል። ከቤት ለቤት ጥናቱ ላይ ሌላ ጥያቄ ይጨምሩበት፦ የሚፈልጉትን አገልግሎት ያለማንም እርዳታ፣ ዳታ ሳያልቅብዎት፣ እስከ መጨረሻው ጨርሰው ያውቃሉ? መልሱንም በጾታ፣ በዕድሜና በአካል ጉዳት ለይተው ይያዙት።