ስለ አባት መጠጥ ሲጠየቅ የማን ፈቃድ ያስፈልጋል?

ጥያቄው፦ ሱስን የሚያጠና ሰው ተሳታፊውን «አባትህ ይጠጣል? ወንድምህ ዕፅ ይወስዳል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የአባትና የወንድምም ፈቃድ ያስፈልጋል?

የሕግ ተማሪ፦ አዎ። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን እዩ። ለመንትዮች ጥናት የተላከ መጠይቅ ልጅቷን ስለ አባቷ ድብርትና ስለ ሌላ የግል ጤናው ይጠይቃል። አባትየው አነበበውና ያለ ፈቃዴ ብሎ አቤት አለ። ሲጣራ ሌላም ክፍተት ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ በሰው ላይ የሚደረጉ የዩኒቨርሲቲው ምርምሮች ለጊዜው ታገዱ።

መረጃ ሰብሳቢ፦ ወንድሜ፣ ሁሉንም እናስፈቅድ ካልን መጀመሪያ እምቢ የሚለው ያው የሚጠጣው አባት ነው። ጥናቱ በጣም የሚፈልገውን ሰው ያጣል። ዴንማርክ ውስጥ በማደጎ ያደጉ ወንዶች ሲጠኑ፣ የወለዳቸው ወላጅ የአልኮል ሱሰኛ የሆኑት ራሳቸው ሱሰኛ የመሆን ዕድላቸው ከሌሎቹ 4 እጥፍ ገደማ ነበር። የቤተሰቡ ታሪክ ባይታወቅ ይህን ከየት እናገኝ ነበር?

አጠያየቁ ነው ዋናው። አንዱን ልጅ «አባትህ ጠጪ ነበር?» ስለው «ኧረ፣ እንደ ሰው ነው የሚጠጣው» አለኝ። «በመጠጥ ምክንያት ከሥራ ተባሮ ያውቃል?» ስለው ግን አቀረቀረ። «ሁለቴ። እናቴ ጠላ ሸጣ ነው ያሳደገችን።» አክስቱ እዚያው ግቢ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ የሰፈር ጆሮ።

ነርስ፦ ልክ ነሽ፣ ግን አንድ ዘመድ ብቻ አትጠይቁ። ዘመድ «ሱሰኛ ነው» ካለ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። «አይጠጣም» ሲል ግን ብዙ ያመልጣችኋል። እናትንም እህትንም ጠይቁ።

የሕግ ተማሪ፦ እህቴ፣ «አባት» ብቻ ብትጽፊም የልጁ ስም እስካለ አባትየው ይታወቃል። በትንሽ ከተማ ደግሞ ወሬው ሥራ ያሳጣዋል።

መረጃ ሰብሳቢ፦ ስለዚህ ስሙ ከመልሱ ተለይቶ ይቆለፍ። ቃለ መጠይቁም ማንም በማይሰማበት ይሁን። በአሜሪካም ቢሆን አባትየው ተለይቶ የሚታወቅ ከሆነ እሱም የጥናቱ ተሳታፊ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ሆኖም አደጋው አነስተኛ ከሆነና ፈቃድ ይጠየቅ ከተባለ ጥናቱ የማይሠራ ከሆነ፣ ጥናቱን የሚመረምረው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የአባትየው ፈቃድ እንዳይጠየቅ ሊወስን ይችላል። የእኛም ኮሚቴዎች ይህን ለእያንዳንዱ ጥናት አስቀድመው በጽሑፍ ይወስኑ። ሰው በር ላይ ቆሜ የምወስነው እኔ መሆን የለብኝም።