«ያልተፈተነ ቡድን»? የ1961ዱ ፋምዩ ጉዳይ

ሄኖክ፦
ስለ ፋምዩ፣ ማለትም በፍሎሪዳ ስላለው የጥቁሮች ኮሌጅ የፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ ትናንት እዚህ የተጻፈውን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «የ1961ዱ (እ.ኤ.አ.) ፋምዩ 506 ነጥብ ያስቆጠረው በደካማ ኮሌጆች ላይ ነው። ያልተፈተነ ቡድን ነው። የዚያ ዓመት ሻምፒዮን የነጮቹ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ አለቀ» ይላል። አላለቀም! 10 ጨዋታ፣ 10 ድል፣ 506 ለ 33። በየጨዋታው በአማካይ ከ50 በላይ እያገባ ከ4 ያነሰ የሚገባበት ቡድን ነው። ያልተፈተነ ከሆነ ፈተናውን ማን ነፈገው? ፋምዩና ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እዚያው ታላሃሲ ከተማ ውስጥ ጎረቤት ናቸው፣ ሁለቱም የመንግሥት ናቸው። አንዱ ለነጭ፣ አንዱ ለጥቁር ተብሎ ስለተከፈለ በአንድ ሜዳ አልተገናኙም።

ብሩክ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም አልመለስበትም። መከልከሉ ግፍ ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን ግፍ ስለደረሰበት ያልተጫወተውን ጨዋታ አሸንፏል ልበል? አላባማ 11 ተጫውቶ 11 አሸነፈ፣ ዓመቱን ሙሉ የገባበት 25 ነጥብ ነው። ሹገር ቦውል በሚባለው የወቅቱ መዝጊያ ጨዋታ ላይ አርካንሳስን 10 ለ 3 ረታ። ፋምዩ ደህና ቡድን የገጠመው ማያሚ፣ ኦሬንጅ ብሎሰም በሚባለው የጥቁር ኮሌጆች ጨዋታ ላይ ነው፣ ጃክሰን ስቴትን 14 ለ 8 አሸነፈ። 50 የለመደ ቡድን 14 ላይ ቆመ። ይህ ምንም አይነግራችሁም?

ትዕግስት፦
ይነግረናል እንጂ! ጥቁር ኮሌጆች ሁሉ «ደካማ» እንዳልነበሩ ይነግረናል። ቅድም ደካማ ያልካቸውን አሁን ጠንካራ አደረግሃቸው። ደግሞ «ያልተፈተነ» የምትለዋ ቃል አላባማም ላይ ትሠራለች። በዚያ ዓመት የገጠማቸው 11ዱም ቡድን ነጭ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት በ1959 ሊበርቲ ቦውል ላይ ጥቁር ተጫዋች ካለው ፔን ስቴት ጋር ተጋጥመው 7 ለ 0 ተሸነፉ።

ብሩክ፦
አንድ ጥቁር ታክል (የፊት መስመር ተጫዋች) ነው የነበረው፣ ትዕግስት። በአንድ ሰው ታሪክ አትሥሪ።

ጋሽ መርዕድ፦
ልጆች፣ ነጥቡን ብቻ አትቁጠሩ፣ እንዴት እንደተገኘም እዩ። በዚያን ጊዜ ተጫዋች እንደ ዛሬው እንደፈለገ አይገባም፣ አይወጣም። ከ1953 ጀምሮ ደንቡ ቅያሬን ገድቦት ነበር። ሲያጠቃ የነበረው 11 ሰው ኳስ ሲነጠቅ እዚያው ቆሞ ይከላከላል። ስለዚህ አሠልጣኝ 11 ጎበዝ ብቻ ከያዘ አራተኛው ሩብ ላይ እግራቸው ይከዳቸዋል፣ በፍሎሪዳ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። የፋምዩ አሠልጣኝ ጄክ ጌይተር ምን አደረገ? ሦስት ሙሉ ቡድን አዘጋጀ፤ «ደም»፣ «ላብ»፣ «ዕንባ» ብሎ ሰየማቸው። አንዱ ሲደክም 11ዱም ይወጣሉ፣ ትኩስ 11 ይገባል። የዚህ አሠራር አደጋው ሦስተኛው ቡድን ነው። ማጥቃቱንም መከላከሉንም እኩል ካላወቀ እሱ በገባባቸው ደቂቃዎች ነጥብ እንደ ጎርፍ ይገባል። በ10 ጨዋታ 33 ነጥብ ብቻ ገባ ማለት «ዕንባ» የሚባሉትም አልተበሱም ማለት ነው። እኔ ከ506ቱ ይልቅ 33ቱን ነው የማደንቀው።

ብሩክ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን ሦስት ቡድን ማፈራረቅን በ1958 ኤልኤስዩ (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) አሳይቶ ሻምፒዮን ሆኖበታል። የጌይተር ፈጠራ አይደለም።

ጋሽ መርዕድ፦
ፈጠረው አላልኩም፣ ብሩክ፣ ሠራበት ነው ያልኩት። ኤልኤስዩ ከመላው ሉዊዚያና ነጭ ተጫዋቾችን መርጦ ነው 33 ሰው የሞላው። ጌይተር ግን በጥቁር ኮሌጅ በጀት ሞላው።

ሄኖክ፦
በ1962 የዜና ወኪሉ አሶሺየትድ ፕሬስ ራሱ ፋምዩን ከትንንሽ ኮሌጆች 1ኛ አድርጎ መርጦታል። ይህንንስ ምን ትለዋለህ?

ብሩክ፦
«ከትንንሽ» የሚለውን ራስህ ጻፍከው፣ እኔ ምን ልጨምር? በዚያው ዓመት ደግሞ ጃክሰን ስቴት 22 ለ 6 አሸነፋቸው።

ትዕግስት፦
ትንሽ ያደረጋቸው ማን ሆነና! ከዚያ «ትንሽ» ቡድን የወጣው ሯጩ ቦብ ሄይስ ነው። በር ሲከፈትለት ምን እንዳደረገ ሁላችንም እናውቃለን። ቶኪዮ፣ 1964፣ አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን ማራቶን ያሸነፈበት ኦሎምፒክ ማለት ነው። ለ100 ሜትር ፍጻሜ የደረሰው 1ኛው መስመር ነበር። ያ መስመር ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት የ20 ኪሎ ሜትር እርምጃ ተወዳዳሪዎች ሲረግጡት የዋለ፣ አፈሩ የተቦረቦረ ነው። በተውሶ ጫማ ሮጦ አሸነፈ። በ4 በ100 ዱላውን የተቀበለው ከኋላ ሆኖ ነው፣ ሁሉንም አልፎ ገባ። ፈተና ይህ ካልሆነ ምኑ ነው?

ብሩክ፦
የሄይስን ፍጥነት ማን ካደ? ሩጫ የአንድ ሰው ነው። ፉትቦል ላይ ፊት የሚሰለፉት ተጫዋቾች መንገድ ካልከፈቱልህ የዓለም ፈጣን ሰው ብትሆንም ከኋላ ትጣላለህ። እኔ የምጠይቀው የፋምዩ የፊት መስመር የአላባማን የፊት መስመር ይገፋ ነበር ወይ ነው።

ሄኖክ፦
ኖቬምበር 29 ቀን 1969 መልሱ ተሰጥቷል። ጌይተር በመጨረሻው ዓመቱ በስንት ልመና ጨዋታው ተፈቅዶለት የታምፓ ዩኒቨርሲቲን 34 ለ 28 አሸነፈ። ደቡብ ውስጥ ጥቁር ኮሌጅ ከነጭ ኮሌጅ ጋር ሲጫወት የመጀመሪያው ነው። ከ46 ሺህ በላይ ሰው አይቶታል።

ብሩክ፦
8 ዓመት ቆይቶ፣ በሌላ ተጫዋች፣ ያውም ታምፓን። ታምፓ አላባማ አይደለም።

ትዕግስት፦
«በስንት ልመና» አልክ፣ ሄኖክ። እኔን የሚያመኝ እሱ ነው። ጌይተር ለነጭ ባለሥልጣናት አብዝቶ ይጠነቀቃል ተብሎ በገዛ ወገኖቹ ሲወቀስ የኖረ ሰው ነው። ወቀሳው ትክክል ይመስለኛል።

ጋሽ መርዕድ፦
እዚህ ላይ አልስማማም፣ ልጄ። በጀቱን የሚቆርጡት እነዚያው ባለሥልጣናት ናቸው። ቢጋፈጣቸው ኖሮ ያ ጨዋታ ይፈቀድለት ነበር? 203 ድል ያስመዘገበ ሰው ቢቀር ቡድኑን ማን ይይዘው ነበር?

ትዕግስት፦
ተማሪዎቹ ግን እዚያው ታላሃሲ ውስጥ በ1960 የዘር ክፍፍሉን በመቃወም ለነጭ ብቻ የተፈቀደ ምግብ ቤት ተቀምጠው እስር ቤት ገብተዋል፣ ጋሼ። እነሱም የሚያጡት ነገር ነበራቸው።

ብሩክ፦
ወደ ጉዳዩ እንመለስ። አሁንም ያልተፈተነ ነው እላለሁ።

ሄኖክ፦
እንግዲያው «ያልተፈተነ» አትበል፣ «እንዳይፈተን የተደረገ» በል። ያቺን አንድ ቃል ካስተካከልክ እኔም ስለ አላባማ አልከራከርህም።

ብሩክ፦
አላስተካክልም።