ነገ ጠዋት ኤልሳት (የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) አለኝ፤ «ሁለቱ የማይስማሙት በምንድን ነው?» የሚለውን ማን ያስረዳኝ?

ሰሚራ_ሜሪላንድ፦ ፍጠኑልኝ በናታችሁ! ይሄን ዓይነት ጥያቄ ሁሌ ነው የምስተው። የአሁኑን ወደ አማርኛ አሳጥሬ ላምጣው።
ከበደ፦ «የከተማው አውቶቡስ ነጻ ይሁን፤ የመኪናው መጨናነቅ ይቀንሳል።»
ሳራ፦ «ነጻ ሲሆን የሚሳፈረው እስከ ዛሬ በእግሩ ይሄድ የነበረው ነው። ባለመኪናው መኪናውን አይተውም፤ መንገዱም ያው ነው።»
ምርጫዎቹ፦
ኤ፦ አውቶቡሱ ነጻ መሆን አለበት።
ቢ፦ ነጻ ቢሆን መጨናነቁ ይቀንሳል።
ሲ፦ ነጻ ቢሆን እግረኛው ይሳፈራል።
ኤ አልኩ፤ መልሱ ቢ ነው ይለኛል። ለምን??

የድሮ_ተማሪ፦ እህቴ፣ አባቶቻችን በላ ልበልሃ ሲሟገቱ መጀመሪያ የተጣሉበትን ነገር ለይተው ነበር። የዛሬ ልጅ ግን ይቸኩላል። ደግሞ ከኦገስት 2024 ወዲህ የሎጂክ ጌም (የእንቆቅልሽ) ክፍሉ ቀርቶ፣ እንዳንቺ ጥያቄ ያለ ክርክር የሚመዘንባቸው፣ ነጥብ የሚያዝባቸው የሎጂካል ሪዝኒንግ ክፍሎች ሁለት ሆነዋል። ቀደም ብለሽ ብትዘጋጂ...

ሰሚራ_ሜሪላንድ፦ ጋሼ፣ ፈተናው ነገ ነው 😭

ቡና_በጨው፦ እኔና ባለቤቴ የማንስማማበትን ነገር ለይቶ የሚነግረኝ ካለ እኔም እፈተናለሁ።

ማታ_አንባቢ፦ ሰሚ፣ በየምርጫው ሁለቱንም ጠይቂያቸው። አንዱ «አዎ» ሌላው «የለም» ካላሉ ምርጫውን ጣይው። ኤን ከበደ «አዎ» ይላል። ሳራስ? «ነጻ አይሁን» ያለችበትን ቃል አሳዪኝ። የመታችው ምክንያቱን ነው፤ ለድሃው ሲባል ነጻ ይሁን ባይ ልትሆን ትችላለች። ሲን ያነሳችው እሷ ብቻ ናት፤ ከበደ ስለ እግረኛ ትንፍሽ አላለም። ቢ ላይ ግን ፊት ለፊት ተጋጥመዋል።

ቀጥ_ያለ፦ መልሱ ነው የተሳሳተው! ሳራ ካልተቃወመች ለምን አፏን ከፈተች?

ማታ_አንባቢ፦ ወንድሜ፣ በሰፈር ጨዋታ ልክ ነህ፤ ያልተባለውንም እንገምታለን። እዚህ ግን ከተጻፈው ወይም ከእሱ የግድ ከሚከተለው ውጪ አይታሰብላትም።

ቀጥ_ያለ፦ አልተዋጠልኝም።

ሀበሻ_ዳላስ፦ ሰሚ፣ «አዎ» እና «የለም» እያልሽ ፈትሺ፤ ሌላው ወሬ ነው።

ቡና_በጨው፦ ይሄ ከላይ ተብሏል እኮ።

ሀበሻ_ዳላስ፦ ይደገም! ደግሞ አንዳንዴ የሚጠየቀው የሚስማሙበት ነው፤ ያኔ የምትፈልጊው ሁለቱም «አዎ» ወይም ሁለቱም «የለም» የሚሉትን ነው። ጥያቄውን ሳታነቢ ወደ ምርጫው እንዳትሮጪ፤ ለአንዱ ክፍል የሚሰጠው 35 ደቂቃ ያጣድፋል።

ማታ_አንባቢ፦ ሰሚራ፣ ገባሽ?

የድሮ_ተማሪ፦ ተኝታ ይሆናል። የመታወቂያዋ ጊዜ እንዳላለፈ አይታ ይሆን?