ኪክስታርተር ላይ የወጣ ትራከር ልዘዝ ወይስ ይቅርብኝ?

ሰሊ_ቨርጂኒያ፦

ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ በየጊዜው ከአዲስ አበባ ወደዚህ ትመላለሳለች። ስትመጣ በርበሬና ሽሮ፣ ስትመለስ ደግሞ የዘመድ አዝማዱ ዕቃ፤ ሻንጣዎቿ አፍ እስከ ገደፍ ሞልተው ነው የሚጓዙት። ባለፈው አንዱ ሻንጣ መንገድ ላይ ቀረና የት እንዳለ የሚነግረን ሰው አጥተን ከረምን። ወንድሜ ይህን ሰምቶ የኪክስታርተር ሊንክ ላከልኝ (ገና ላልተመረተ ዕቃ ሰው ቀድሞ ገንዘብ የሚያዋጣበት ድረ ገጽ ነው)። እንደ ባንክ ካርድ ስስ የሆነ ትራከር ነው፣ ዕቃ ውስጥ ይገባና የት እንዳለ በስልክ ያሳያል። ዋጋው ገበያ ላይ ካሉት በግማሽ ያንሳል፣ ባትሪው ሦስት ዓመት ይቆያል ይላሉ።

ገጹን እስከ ታች አነበብኩት። ቪዲዮው ያምራል። ስለ ፕራይቬሲ (ስለ ግል መረጃ ጥበቃ) የተጻፈው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «መረጃችሁን በጥንቃቄ እንይዛለን» ይላል፣ በቃ። የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ድርጅቱ ቢሸጥ ወይም ቢዘጋ ምን እንደሚሆን አንድም ቃል የለም። አስተያየቶቹ ውስጥ አንድ ሰው ይህንኑ ጠይቆ ነበር። «ጥያቄህን ለቡድናችን አስተላልፈናል» ብለውት እዚያው ቀረ።

ገንዘቡ ብዙ አይደለም፣ ቢጠፋም እችለዋለሁ። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። እናቴ የት እንዳለች፣ ቤታችን የት እንደሆነ፣ መቼ ቤት ውስጥ ሰው እንደማይኖር የሚያውቅ አንድ የማላውቀው ድርጅት ሊኖር ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ያዘዛችሁ ወይም ሥራው የሚገባችሁ ምን ትላላችሁ? በምን ለይቼ ልመናቸው?

አቤል_ኔትወርክ፦

እኔ ብሆን አላዝዝም። ምክንያቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል። (ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። እነዚህ ትናንሽ ትራከሮች ጂፒኤስ የላቸውም። ያላቸው ብሉቱዝ ነው፣ የራሳቸውን መለያ ቁጥር በየጥቂት ሰከንዱ ይለቃሉ። ሻንጣው ካንቺ ስልክ ሲርቅ የሚያገኘው የሌላ ሰው ስልክ ነው። ያ ስልክ በአጠገቡ ሲያልፍ ቁጥሩን ይሰማና እሱ ራሱ ያለበትን ቦታ ለኩባንያው ሰርቨር (መረጃው ለሚጠራቀምበት ኮምፒውተር) ይልካል። ስለዚህ አፑን የጫነ ሰው ብዙ ካልሆነ ዕቃው ለምንም አይረባም፤ ብዙ ከሆነ ደግሞ የብዙ ሰው ውሎና አዳር አንድ ቦታ ተጠራቀመ ማለት ነው። ያ ሰርቨር በማን እጅ ነው? ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

ትራክአር የሚባል ትራከር ሠሪ ኩባንያ ነበር። በ2014 ኢንዲጎጎ ላይ (እንደ ኪክስታርተር ያለ ሌላ ገጽ ነው) ብራቮ የተባለውን ትራከሩን አውጥቶ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። በ2016 ራፒድ7 የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ዕቃውን ፈታትሾ ያገኘውን ይፋ አደረገ። አፑ የተጠቃሚውን ፓስወርድ ስልኩ ውስጥ ምንም ሳይመሰጥር እንደወረደ ያስቀምጠዋል። የትራከሩን መለያ ቁጥር ደግሞ በቅርብ ያለ ማንም ሰው በብሉቱዝ ማወቅ ይችላል። ከሁሉም የከፋው ቁጥሩን ያወቀ ሰው ያለ ምንም ፓስወርድ ሰርቨሩን «ይህ ዕቃ መጨረሻ የታየው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ መቻሉ ነው። አስቢው፣ ቁልፍሽ ላይ ያንጠለጠልሽው ነገር የቤትሽን አድራሻ ለማንም ሲናገር! ያኔ የተመረመሩት ሦስት ትራከሮች ነበሩ፣ ሦስቱም ላይ ችግር ተገኝቷል። ትራክአር በ2018 ስሙን ቀይሮ አዴሮ ሆነ፣ ዛሬ በሁለቱም ስም የለም።

ታይል የሚባለውን ትራከር ደግሞ እይው። በ2013 ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ቀድመው ከፍለው ከ2.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡለት። ዕቃው ከተባለው ጊዜ ዘግይቶ በ2014 መድረስ ጀመረ። ባትሪው የታሸገ ስለነበረ ዓመት ገደማ ሠርቶ ሲያልቅ ሌላ አዲስ መግዛት ነው። ይሁን፣ ሰዎቹ ቃላቸውን ጠብቀው ዕቃውን አደረሱ። ግን በኅዳር 2021 ቤተሰብ እርስ በርሱ የት እንዳለ የሚተያይበትን አፕ የሚሠራው ላይፍ360 ታይልን በ205 ሚሊዮን ዶላር ሊገዛው መሆኑ ተነገረ። በታኅሣሥ ወር ዘ ማርካፕ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኞች ቡድን ላይፍ360 የተጠቃሚዎቹን ትክክለኛ ሎኬሽን ለዳታ ነጋዴዎች ይሸጥ እንደነበር አወጣ። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ይህን ሽያጭ በአብዛኛው እንደሚያቆም ተናግሯል። በ2024 ደግሞ የታይል የደንበኞች አገልግሎት ሲስተም ተሰብሮ ስም፣ አድራሻ፣ ኢሜይልና ስልክ ቁጥር ተወሰደ፤ ሌቦቹም ገንዘብ ካልሰጣችሁን ብለው አስፈራሩ።

እነዚያ 50 ሺህ ሰዎች በ2013 ያመኑት ሁለት ወጣት መሥራቾችን ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ ሎኬሽናቸው በማን እጅ እንደሚገባ ማንም አልጠየቃቸውም። ትንሽ ድርጅት ወይ ይሞታል ወይ ይሸጣል። ሲሸጥ ከንብረቱ አንዱ አንቺ ነሽ። እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ነው።

ዳኒ_ሃርድዌር፦

አቤል ያልከው እውነት ነው፣ ግን ጥፋቱን ሁሉ በመዋጮው ላይ አታላክከው። እኔ የምሠራው ዕቃ ማምረት ላይ ነው፣ ትንሽ ቡድን ባንክ ቢሄድ የሚያበድረው የለም። ቺፖሎ የሚባለው የስሎቬኒያ ትራከር በ2013 ኪክስታርተር ላይ ነው የጀመረው፣ እስከ ዛሬ አለ፣ ያመርታል። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲው ኢታን ሞሊክ በ2015 ባወጣው ጥናት፣ ገንዘብ ካገኙ የኪክስታርተር ፕሮጀክቶች ቃል የገቡትን ሳያደርሱ የቀሩት 9 በመቶ ገደማ ናቸው። ዘጠኝ በመቶ ቀላል አይደለም፣ ግን «ሁሉም ሌባ ነው» አያስብልም።

እርግጥ ጉደኛም አለ። በ2014 አይፋይንድ የሚባል ትራከር ባትሪ አያስፈልገኝም፣ በአየር ላይ ካለው የሬዲዮ ሞገድ ኃይል እሰበስባለሁ ብሎ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ቃል አስገባ። መሐንዲሶች አስተያየቱ ላይ ገብተው «ይህን ያህል ኃይል ከየት ይመጣል? ናሙናውን አሳዩን» ብለው ያዙዋቸው፣ ሰዎቹ ግን የሚሠራ ናሙና አላሳዩም። በመጨረሻ ኪክስታርተር ራሱ ዘመቻውን አገደው። የማንም ካርድ አልተነካም፣ ምክንያቱም ኪክስታርተር ገንዘብ የሚቆርጠው ዘመቻው ግቡን መትቶ ሲያልቅ ብቻ ነው። ኢንዲጎጎ ላይ ግን ግቡን ሳይመታም ገንዘቡን መውሰድ የሚችሉበት አሠራር ለዓመታት ነበረ፣ ስለዚህ ሊንኩ በእርግጥ የኪክስታርተር መሆኑን እዪ።

ሰሊ፣ እኔ የምነግርሽ አንድ ነገር ነው። ትራከሩ በራሱ አፕና በራሱ ሰርቨር ነው የሚሠራው ወይስ የጠፋ ዕቃን በሌሎች ሰዎች ስልክ በሚያፈላልጉት በአፕል ፋይንድ ማይ ወይም በጉግል ፋይንድ ሃብ ኔትወርክ? አፕል ከ2021 ጀምሮ ሌሎች አምራቾችም በእሱ ኔትወርክ እንዲጠቀሙ ፈቅዷል። የጉግሉ በ2024 ጀመረ። በዚህ መንገድ ሲሆን ቦታው ተመስጥሮ ነው የሚሄደው፣ የሚፈታው ያንቺ ስልክ ነው፤ ትራከሩን ያመረተው ድርጅት ቢዘጋም ቢሸጥም የሚሸጠው ሎኬሽን እጁ ላይ የለም። አቤል ለጠየቀው ጥያቄ መልሱ ይኼ ይመስለኛል። ግን ተጠንቀቂ፣ «ከፋይንድ ማይ ጋር ይሠራል» ብሎ መጻፍና የአፕልን ፈቃድ በእጅ መያዝ ይለያያል። ፈቃዱን አግኝታችኋል ወይ ብለሽ በግልጽ ጠይቂያቸው።

ሜሮን_ለ፦

ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ባለቤቱ ነው። ሳያውቅ ስለሚከታተሉትስ ሰው?

እኔ በትርፍ ጊዜዬ ከቤታቸው ሸሽተው ለወጡ ሴቶች አስተረጉማለሁ። አንዷን የቀድሞ ባሏ በሄደችበት ሁሉ ይደርስባት ነበር። ስልኳን ቀየረች፣ ሲሙን ቀየረች፣ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ትራከሩ የተገኘው የልጇ የትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ ነው። ከታች ያለው ገበር ተተርትሮ እንደገና ተሰፍቷል፣ የክሩ ቀለም ከሌላው ትንሽ ይለያል፣ በጣትሽ ስትዳብሺው ሳንቲም የሚያህል ነገር ይሰማሻል። ስልኳ አንድሮይድ ስለነበረና በዚያን ጊዜ አንድሮይድ በራሱ ስለማያስጠነቅቅ ምንም አልነገራትም።

የአፕል ትራከር ኤርታግ በ2021 ሲወጣ ይህ ችግር በግልጽ ታየ፣ በ2022 መጨረሻ ሴቶች አፕልን ከሰውታል። አፕልና ጉግል በአንድ ላይ መስፈርት አውጥተው የማያውቁት ትራከር ሲከተላቸው አይፎንም አንድሮይድም ባለቤቶቹን እንዲያስጠነቅቅ ያደረጉት በግንቦት 2024 ነው። እንግዲህ ይህ አዲስ ካርድ መስፈርቱን ይከተላል? እንደ ባንክ ካርድ የሳሳ ነገር እኮ ለመደበቅ የተሠራ ያህል ነው! ድምፅ ያወጣል? ባለቤቱ ያልሆነ ሰው ቢያገኘው የማን እንደሆነ ማወቅና ማጥፋት ይችላል? ገጹ ላይ ስለዚህ ምንም ካልተጻፈ፣ ሠሪዎቹ ስለሚገዛቸው ሰው እንጂ ስለሌላው አላሰቡም። እኔ ለእንደዚህ ዓይነቱ አንድ ዶላር አልሰጥም።

ሰሊ፣ ለእማማም ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ ንገሪያቸው። ሳያውቁ አይሁን።

የቦሌው_ሞባይል፦

ሰላም ከአዲስ አበባ። ስልክና የስልክ ዕቃ ነው የምሸጠው፣ እዚህ ያለውን ልንገራችሁ።

እዚህ አብዛኛው ሰው የሚይዘው አንድሮይድ ነው። ቦሌ ኤርፖርት ላይ መንገደኛው ብዙ ስለሆነ በአፕሉም በጉግሉም ኔትወርክ የሚሠራ ትራከር ይታያል። ከከተማ ከወጣሽ ግን የሚያልፍ አይፎን ጥቂት ነው። የራሱ አፕ ብቻ ያለው አዲስ ትራከር ከሆነ እዚህ አፑን የጫነ ሰው ከየት ይመጣል? ሻንጣው እዚህ ቢቀር አትሰሚም። ስለዚህ ለእናትሽ ጉዞ ከፕራይቬሲውም በፊት አይሠራልሽም።

ሌላው፣ አፑን ስትጭኚ «ሎኬሽን ሁልጊዜ ፍቀድ» የሚለውን ይጠይቅሻል። ደንበኞቼ ሳያነቡ ነው የሚጫኑት፣ እኔ ቆሜ እያየሁ! ከዚያ ኮንታክትም ይጠይቃል። ቁልፍ ለመፈለግ የስልክ ማውጫዬ ምን ያደርግልሃል በሉት እስቲ። ያንን የጠየቀ አፕ ያመጣልኝን ደንበኛ ወዲያው አጥፋው እለዋለሁ። አገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቢሮው የት እንዳለ እንኳ ያልተጻፈ ድርጅትን ይዞ መሟገት ሌላ ጣጣ ነው።

አቤል_ኔትወርክ፦

ዳኒ ስለ ኔትወርኩ ያልከውን ተቀብያለሁ፣ ለሰሊ ትክክለኛው ምርጫ እሱ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ቤታችሁ ትራከር ያላችሁ በራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ኤንአርኤፍ ኮኔክት የሚባል ነፃ አፕ አለ፣ በአካባቢው ያለውን የብሉቱዝ ዕቃ ሁሉ ይዘረዝራል (በአንድሮይድ ሞክሩት፣ አይፎን አድራሻውን አያሳይም)። ትራከሩን አጠገባችሁ አድርጋችሁ አድራሻውን ጻፉት። 12 ፊደልና ቁጥር ነው፣ ሁለት ሁለት እየሆነ በሁለት ነጥብ (:) የተከፋፈለ። በማግስቱ ደግማችሁ እዩት። ካልተቀየረ፣ ያንን ቁጥር የሚጠብቅ መሣሪያ በር ላይ ያስቀመጠ ሰው መቼ እንደገባችሁና መቼ እንደወጣችሁ ማወቅ ይችላል፣ አፑም ሆነ ኩባንያው አያስፈልገውም። የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች በ2025 ታይል ላይ ያገኙት አንዱ ይኼው የማይቀየር አድራሻ ነው። ይህን ያህል ዓመት የቆየ ኩባንያ ካላስተካከለው፣ ትናንት የተቋቋመው ያስተካክለዋል ብዬ በባዶ ቃል አላምንም። የደኅንነት ምርመራ በገለልተኛ ሰው አሠርተናል የሚሉ ከሆነ ሪፖርቱን ያውጡት።

ሰሊ_ቨርጂኒያ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለዘመቻው ሰዎች ጽፌላቸው ነበር፦ በማን ኔትወርክ ነው የሚሠራው፣ ፈቃዱ በእጃችሁ አለ ወይ፣ ለማያውቀው ሰው ያስጠነቅቃል ወይ፣ ብትሸጡ ወይ ብትዘጉ ዳታዬን ታጠፉታላችሁ ወይ ብዬ። የመለሱት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፦ «ለጊዜው በራሳችን አፕ፣ ወደፊት በሌሎችም»። ሌሎቹን ዝም።

ወንድሜ ለካ ቀድሞ አዝዞልኝ ኖሯል! ዘመቻው ስላላለቀ መሰረዝ ይቻላል፣ ዛሬ ማታ አሰርዘዋለሁ። ለእናቴ በፋይንድ ማይ የሚሠራ፣ ሱቅ ላይ ያለ እገዛለሁ፣ ሜሮን እንዳልሽው ራሷ አይታው ነው ሻንጣው ውስጥ የሚገባው። የቀሩትን ሦስት ጥያቄዎች በወንድሜ አካውንት አስተያየቱ ላይ በግልጽ ለጥፌያቸዋለሁ፣ ያዘዙት ሌሎች ሰዎችም እንዲያዩት። ኪክስታርተር አካውንት ያላችሁ ሊንኩን በውስጥ መስመር ልላክላችሁና እናንተም ጠይቋቸው፣ ብዙ ሰው ሲጠይቅ ዝም ማለት ይከብዳቸዋል።