ፒ0016 ኮድ፦ ሴንሰር ነው ወይስ ካቴና?

ጤና ይስጥልኝ ባለሙያዎች። የምኖረው ሱሉልታ ነው። በፈረንጅ 2003 የተሠራችው ቶዮታ ቪትዜ የቼክ ኢንጅን (የሞተር ችግር) መብራት አብርታ ፒ0016 የሚባል የብልሽት ኮድ ታሳያለች። የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) እና የክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) አቀማመጥ አልተገናኘም ማለት እንደሆነ ይገባኛል፤ ያልገባኝ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነው። ጠዋት ስትነሳ ሁለቱን ዘንጎች በሚያገናኘው ካቴና በኩል ለአፍታ ይንኳኳል፣ ዘይት ሲደርሰው ዝም ይላል። ሚኒሞ ላይ ትንቀጠቀጣለች፤ በእንጦጦ ዳገትማ ጉልበት የሚባል የላትም።

መካኒኩ የካምሻፍት ሴንሰሩን ቀየረው፣ ኮዱ ግን ጠፍቶ ተመለሰ። አሁን ደግሞ ሞተሩ ይውረድ እያለኝ ነው። እኔ መጀመሪያ የዘይት ግፊቱ ይለካ፣ የካምሻፍቱን አቀማመጥ በዘይት ግፊት የሚያስተካክለው የቪቪቲ ቫልቭና ወንፊቱ ይታይ ባይ ነኝ። ካቴናው መላላቱን ሞተሩ ሳይወርድ መለየት ይቻላል? ከተቀየረስ መወጠሪያውና ካቴናው የሚዞርባቸው ጥርሶችም አብረው ይቀየሩ?