ትኩሳት ይዞታል፤ የሁለት ሰዓቱን መድኃኒት ልስጠው ወይስ ልተው?

እህቱ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ወንድሜ ኩላሊት ከተተከለለት አምስተኛ ወሩ ነው። የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከትናንት ጀምሮ ትኩሳቱ 38.7 ነው፣ ያስቀምጠዋል፣ እህል አልቀምስም ብሏል። ዛሬ ለምርመራ ደም ሰጥቶ ነጭ የደም ሴሉ ዝቅ ብሏል፣ ቫይረስ ሊሆን ይችላል ተባልን። ታክሮሊመስ የሚባለው ኪኒኑ የሰውነት መከላከያውን የሚያደክም አይደል? ቫይረሱን እንዲዋጋ ለጥቂት ቀን ባቋርጠውስ? የማታው ኪኒን እጄ ላይ ነው።

ሀዋሳዊት፦ አይዞሽ እህቴ። ዳማከሴ ጨምቀሽ ስጪው።

ላብራቶሪው፦ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ቫይረስ የገባበትን ሴል ለይቶ የሚገድለው ቲ ሴል የሚባለው የነጭ ደም ሴል ዓይነት ነው። ባዕድ ኩላሊት ላይ የሚነሳውም እሱው ነው። ታክሮሊመስ እንዳይነቃ ያደርገዋል፤ ማይኮፌኖሌት የሚባለው ሌላው የተከላ መድኃኒት ደግሞ እንዳይራባ። ኩላሊቱ በዚህ ይተርፋል፤ ተኝቶ የኖረ ቫይረስ ግን አጋጣሚ ያገኛል። ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ (ሲኤምቪ) አብዛኞቻችን ውስጥ ሳናውቀው ይኖራል። ከተሰጠው ኩላሊት ጋርም ይሻገራል። ቢኬ የሚባል ሌላም አለ፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ ትኩሳት የለውም፣ ክሬቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ የደም ልኬት) ነው የሚጨምረው።

እህቱ፦ ከእኔ ኩላሊት ነው የመጣበት ማለት ነው?

ላብራቶሪው፦ የራሱም ሊሆን ይችላል። ጥፋት የለብሽም።

መርካቶ ልጅ፦ እኔ ግን ሐሳብሽን አልቀበለውም። የነቃው መከላከያ ቫይረሱን ብቻ ይመታል ያለሽ ማነው? ኩላሊቱንም ይመታል! አንዳንዴ ሐኪሞቹ ራሳቸው ማይኮፌኖሌቱን ይቀንሳሉ፤ ያ ግን ውጤት አይተው ነው። በራስሽ አታቋርጪ።

ቲጂ፦ ዳማከሴውን እደግፋለሁ፣ ነጭ ሽንኩርት በማርም ጨምሪበት።

ሲስተር፦ ኧረ የዳማከሴ ማኅበርተኞች፣ ዛሬ እንኳ እረፉ! ሐኪሙ ሳያውቅ ቅጠላ ቅጠል አይወስድም። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌንም አይነካ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ቫልጋንሳይክሎቪር ይወስድ ነበር?

እህቱ፦ አዎ፣ ባለፈው ወር ጨርሷል ብለው አቆሙለት። ምን ያገናኘዋል?

ሲስተር፦ በጣም ያገናኘዋል! እሱ የሲኤምቪ መከላከያ መድኃኒት ነበር። ሲኤምቪ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው መከላከያው ከቆመ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ የነጭ ሴል መውረድ፣ ሁሉም ይገጥማል። ግን በግምት አይታከምም፤ በደም ፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል በሚፈልግ ምርመራ) ይታይ። የታክሮሊመስ መጠኑም ይለካ፣ ተቅማጥ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሲኤምቪ ከሆነ መድኃኒት አለው፦ ጋንሳይክሎቪር በደም ሥር ወይም ቫልጋንሳይክሎቪር በአፍ። መጠኑን እንደ ኩላሊቱ አሠራር እነሱ ይወስናሉ። አሁኑኑ ለተከላ ቡድኑ ደውይ። ካላነሱ ድንገተኛ ክፍል ይዘሽው ሂጂ፣ ነገን አትጠብቂ።

ሀዋሳዊት፦ እሺ ሲስተር፣ ተውኩት። እግዜር ይማርልሽ እህቴ።

እህቱ፦ አነሱ። የማታውን ስጪውና አሁን አምጪው ብለውኛል። ታክሲ እየጠራሁ ነው።

ሲስተር፦ የዛሬውን የደም ውጤትና የመድኃኒቶቹን ካርቶን በሙሉ ያዢ። ካደረ ደግሞ ጠዋት ለታክሮሊመስ ደም ሳይቀዱለት የጠዋቱን ኪኒን እንዳይውጥ።